ሃያኛው ልብ

የኢሶሃማ ከተማ ሆስፒታል የማሽን ንጽጽር ኮሚቴ፣ ከሦስት ስብሰባና ከአንድ የመስክ ጉብኝት በኋላ፣ በንጽጽሩ የሚሳተፉ ታካሚዎች በሁለቱም ሆስፒታሎች የሚያደርጉት ነጠላ ጫማ ቀለሙ ቡናማ እንዲሆን በሙሉ ድምፅ መወሰኑን ለሚመለከታቸው ሁሉ በታላቅ አክብሮት ያስታውቃል።

ማስታወቂያው ሰባት ማኅተም አርፎበት በምርመራ ክፍሉ በር ላይ ከተለጠፈ ሦስት ወር ሆኖታል። ከዚያ በፊት በጠቅላይ ግዛቱ ሆስፒታል አረንጓዴ፣ በኢሶሃማ ቡናማ ነበር የሚደረገው። አረንጓዴ ነጠላ ጫማ የልብን ምት እንደማያፈጥን በማስረጃ ያረጋገጠ ሰው ስላልተገኘ መጠንቀቅ ይሻላል ተባለ። ንጽጽር ማለት እኩል ሁኔታ ማለት ነውና የክፍሉ ሙቀት፣ የብርድ ልብሱ ውፍረት፣ ታካሚው ቁርስ የሚበላበት ሰዓት፣ መጋረጃው የሚዘጋበት ልክ፣ ሁሉም በአሥራ አራት ገጽ ሰነድ ተደነገገ። ሰነዱን ሁሉም ፈርመውበታል። ከዳር እስከ ዳር ያነበበው ግን ቶባ ማሳካዙ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ቶባ የሲቲ ስካን ክፍሉ አዛውንት ባለሙያ ነው። ስድሳ አራት ዓመቱ ነው፤ መጋቢት ሲያልቅ የሥራ ዘመኑም ያልቃል። ዛሬ ሐሙስ፣ በታኅሣሥ ብርድ፣ ከባሕሩ የሚመጣው በረዶ መስኮቱን እንደ ጥሬ እየቆረጠመው፣ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ መነጽሩን ይወለውላል። ወልውሎ ከጨረሰ ቆይቷል፤ እጁ ግን አላቆመም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልብን የሚመግቡት የደም ሥሮች ከክር ጥቂት ወፈር የሚሉ ናቸው፤ ከልብ ጋር አብረው ሲዘሉ ይውላሉ። ጠበው እንደሆነ ለማወቅ ፎቶ ማንሳት ያስፈልጋል፤ የሚዘል ነገር ፎቶ ማንሳት ደግሞ ማንም የልጅ አባት እንደሚያውቀው ቀላል አይደለም። የኢሶሃማ ማሽን ባለአንድ ዓይን ነው። ልብን በአንድ ጊዜ አይቶ አይጨርሰውም፤ በአምስት ምት አምስት ቁራጭ ወስዶ ይሰፋዋል። ልብ ቀስ ካለ ስፌቱ ይገጥማል። ከቸኮለ ግን ቁራጮቹ ይዛነፋሉ፣ ደህናው ሥር የተቆረጠ ይመስላል፣ የታመመውም በስፌቱ መሐል ይደበቃል። በጠቅላይ ግዛቱ ሆስፒታል ያለው አዲሱ ማሽን ባለሁለት ዓይን ነው። ከሁለት ወገን ስለሚያይ በግማሽ ጊዜ ይጨርሳል፤ ልብ ቢራመድም ቢሮጥም ግድ የለውም። አሮጌው ልብን ይለምናል፤ አዲሱ አይለምንም።

ከተማዋ አሮጌውን አድሳ ለሰባት ዓመት ትቆይበት ወይስ ባለሁለት ዓይኑን ትግዛ? ኮሚቴው የተቋቋመው ይህን ለመወሰን ነበር። ሃያ ታካሚ ተመረጠ። እያንዳንዱ ጠዋት በአውቶቡስ ሄዶ በአዲሱ፣ ከሰዓት ተመልሶ በአሮጌው ይታያል። ፎቶዎቹን በሩቅ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሁለት ሐኪሞች፣ የትኛው ከየትኛው ማሽን እንደወጣ ሳይነገራቸው፣ ከአራት ያርማሉ።

አሥራ ዘጠኝ ታካሚ ታየ። ሁለቱ ማሽኖች እኩል ወጡ።

የአስተዳደር ኃላፊው አቶ ኡሳሚ ይህን ሰንጠረዥ በላስቲክ አስለብጦ ይዞት ይዞራል። አንዳንዴ ሰው ሳይጠይቀው ያወጣዋል። የልብ ሐኪሟ ዶክተር ኢኖማታ ግን ሦስት ጊዜ ደምራ ሦስት ጊዜ አላመነችም። ከትልቅ ከተማ የመጣች፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት የሆናት፣ ስታስብ ብዕሯን ጆሮዋ ላይ ሰክታ የምትረሳ ሴት ናት። እሷ እንደምታውቀው በሽማግሌ ልብ ላይ ባለአንድ ዓይን ማሽን ከአራት ፎቶ አንዱን ቢያበላሽ የሚጠበቅ ነው። የኢሶሃማ ማሽን እስከ ትናንት ጠዋት ከታዩት አሥራ ስምንቱ አንድም አላበላሸም። ተአምር ነው እንዳትል፣ ተአምር በሰንጠረዥ አይመጣም።

ስለዚህ ትናንት ራሷ ወርዳ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ጥግ ላይ ቆመች። አሥራ ዘጠነኛዋ ታካሚ እማማ ኩሜ ነበሩ፤ የሰማንያ አንድ ዓመት ባልቴት፣ ዓሣ አድርቀው የሚሸጡ። ልብ የሚያዘገየውን ኪኒን ውጠውም ምታቸው ሰማንያ ነበር። ቶባ የድምፅ ማጉያውን ተጫነ። ተረጋጉ አላላቸውም፤ ተረጋጋ ተብሎ የተረጋጋ ልብ አይቶ አያውቅም። ነፋሱ ከሰሜን ሲዞር የተሰቀለ ዓሣ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ነበር የጠየቃቸው። እማማ ኩሜ መጀመሪያ ተቆጡ፤ ዛሬ ዛሬ በማሽን የሚያደርቁትን ረገሙ፤ ከዚያ ስለ ነፋሱ፣ ስለ ገመዱ ውጥረት፣ ጀርባው ቀድሞ ወደ ፀሐይ ስለሚዞርበት ምክንያት አንድ በአንድ ያስረዱት ጀመር። ሰባ አራት። ስልሳ ስምንት። ስልሳ አንድ። ኀምሳ ሰባት ላይ ቶባ ቁልፉን ተጫነ።

ዶክተር ኢኖማታ በኋላ ኮሪደር ላይ ያዘችው። ለሁሉም እንዲህ ያደርግ እንደሆነ ጠየቀችው። ምኑን እንደሆነ አልገባውም። ሲገባው፣ ወሬ ስለሚወድ መሆኑን ነገራት፤ ልጁም በዚህ ነገር እንደምትሰለቸው ጨመረ።

«አቶ ቶባ» አለችው፣ «ሰንጠረዡ ማሽንን ከማሽን አላነጻጸረም። አንዱን ማሽን ከሌላው ማሽንና ከእርስዎ ጋር ነው ያነጻጸረው። እርስዎ ደግሞ አሥራ አራቱ ገጽ ውስጥ የሉም።»

ቶባ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለው።

«መጋቢት ላይ ይወጣሉ አይደል?»

«ሠላሳ አንድ።»

ይህን አድርግ ያንን ተው አላለችውም። ብዕሯን ጆሮዋ ላይ ፈልጋ አግኝታ ሄደች።

ቶባ ወደ ቤቱ በእግሩ ሄደ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያንን ወንበር ሲያሞቅ ማንም ሙያ አለህ ብሎት አያውቅም፤ እሱም ወሬው ሙያ መሆኑን አልጠረጠረም። ሙያ መሆኑን በሰማበት አፍታ እንቅፋት መሆኑንም ሰማ። ለሌሎች እንዳያስተምረው፣ አንዴ ሞክሮ ነበር። የክፍሉ ሁለተኛ ባለሙያ ሰዓቱን እያየ «እስቲ ስለ ሩዝ እርሻዎ ይንገሩኝ» ብሎ አንድ ገበሬ ጠየቀና ሰውየው የመሬት ግብር መርማሪ የመጣበት መስሎት ምቱ መቶ ገባ። ነገሩ ጥያቄው ላይ አልነበረም፤ መልሱን ከልብ መፈለጉ ላይ ነበር። ይህ ደግሞ በማኅተም አይተላለፍም።

ስለዚህ መጋቢት ያልፋል። ሰንጠረዡ ግድግዳ ላይ ይቀራል። አሮጌው ማሽን ለሰባት ዓመት ይለምናል፤ የሚለምንለት ሰው ግን የለም።

ሃያኛው ታካሚ ካኩታ ጌንጎ ነበር። የወደቡ የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ባለቤት፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከቶባ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጠ፣ አንድ ጊዜ በጎርፍ አንድ ጊዜ በሴት የተጣላው፣ ሁለቱም ጊዜ የታረቀው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ እንጨት ሲማግድ ደረቱን ይጨምቀዋል። ታላቅ ወንድሙ በኀምሳ ዘጠኝ ዓመቱ፣ እዚያው እሳቱ ፊት፣ አካፋውን እንደያዘ ሞቶ ነው የተገኘው። ጌንጎ አስም ስላለበት ልብ የሚያዘገየውን ኪኒን መዋጥ አይችልም። በዚህ ምክንያት ከዝርዝሩ ሊሰረዝ ሲል አቶ ኡሳሚ ከለከለ። ይህኛውማ ሊቀር የማይገባው ነው አለ፤ ያለ ኪኒን የሚሮጠውን ልብ አሮጌው ማሽን አጥርቶ ካወጣ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ዶክተር ኢኖማታም ተናዳ ፈረመች። ሃያኛው ፎቶ ከጠራ አዲሱን የመግዛት ጥያቄ ይዘጋል፤ ከተበላሸ ግን እንደገና ይታያል።

ጌንጎ ከሰዓት በኋላ ከአውቶቡሱ ወርዶ፣ በቡናማው ነጠላ ጫማ እየተጎተተ፣ መርፌ ክንዱ ላይ እንደተሰካ ገባ።

«ያኛው ማሽንህ ሰላምታ እንኳ አያውቅም» አለ። «ገባሁ፣ ወጣሁ። ገና ፊቴን ሳስተካክል አለቀ አሉኝ።»

«ፊትህን ማን ፈልጎት?»

«ለማንኛውም ነው። ብሞትም በጥሩ ፎቶ ይሻላል።» ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። «አንተ ግን ታወራለህ አሉ። ኩሜ ትናንት መታጠቢያ ቤቱን በአንተ ወሬ አጥለቀለቀችው። ባሌ ከሞተ እንዲህ የሰማኝ የለም ብላ። እኔንስ ምን ልትጠይቀኝ ነው?»

ቶባ የአልጋውን ከፍታ ሲያስተካክል ቆየ።

የሚጠይቀውን ያውቃል። ከትናንት ጀምሮ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ጌንጎ ውኃውን የሚያሞቀው ከፈረሱ ቤቶች በሚመጣ እንጨት ነው። የትኛው እንጨት ከማን ቤት እንደመጣ በጭሱ ያውቃል፤ የሐኪሙ ቤት፣ የጀልባ ሠሪው ቤት፣ የካህኑ ጎተራ። የዛሬ ስድስት ዓመት እነሱ የተማሩበት ትምህርት ቤት ፈርሶ ተሳቢ ሙሉ እንጨት ወደ መታጠቢያ ቤቱ ሄደ። ወለሉ ስንት ቀን ነደደ? የኛ ክፍል እንጨት የቱ እንደነበር አወቅኸው? ይህን ብቻ ቢጠይቀው ጌንጎ ዓይኑን ጨፍኖ ግማሽ ሰዓት ያወራል፤ እንጨቱን አንድ በአንድ እያነሳ፣ ቀለሙን፣ ሚስማሩን፣ ሲነድ ያሰማውን ድምፅ እየተናገረ፣ ልቡም እንደ ሽማግሌ በሬ ይራመዳል። ቶባ በዚህ እንደ ስሙ እርግጠኛ ነበር።

መርፌውን የደም ሥርን በፎቶ ላይ ከሚያጎላው መድኃኒት ቱቦ ጋር አገናኘ። የምት መቁጠሪያውን ሽቦዎች ደረቱ ላይ ለጠፈ። መድኃኒቱ ሲገባ ሰውነት እንደሚሞቅ ነገረው፤ ሰነዱ ንገሩ ስለሚል።

«ስለ ሙቀት ለኔ ልትነግረኝ ነው?» አለ ጌንጎ።

የሆስፒታሉ ዋና ዳይሬክተር ዶክተር ካጂዋራ በዚህ መሐል ገባ። ኡሳሚና ኢኖማታ ተከተሉት። ዳይሬክተሩ ትሑት ሰው ነው፤ ትሕትናው ግን ፕሮቶኮል አለው። አልጋው ድረስ ሄዶ ወገቡን አጥፎ፣ የከተማውን ጤና ለማሻሻል ስላደረገው ትብብር ጌንጎን አመሰገነ። ጌንጎ ተኝቶ መስገድ አቃተው፤ ሽቦዎቹን እያንጠለጠለ ግማሽ ተነሳ፣ ዳይሬክተሩ ይበልጥ ሰገደ፣ ጌንጎም ይበልጥ ተነሳ። ምቱ ከሰባ ዘጠኝ ወደ ሰማንያ ስምንት ወጣ። ስለ ዳይሬክተር ስግደት አሥራ አራቱ ገጽ ውስጥ ምንም አልተጻፈም።

ሁሉም ወደ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ገቡ። በሩ ተዘጋ። ከመስታወቱ ወዲያ ጌንጎ ብቻውን ነጩ ቀለበት ውስጥ ተጋድሟል፤ የሚታየው የእግሩ ጫማ ነው።

ቶባ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ከፊቱ የድምፅ ማጉያው ቁልፍ አለ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት በአውራ ጣት ተጭኖ ጽሑፉ የጠፋ። አውራ ጣቱ ወደዚያ ሄደ፤ ራሱ ያውቃል መንገዱን። ቶባ እጁን ሰብስቦ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

ሰማንያ ስምንት።

አንድ ደቂቃ አለፈ። ኡሳሚ ላስቲክ የለበሰውን ሰንጠረዥ ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወረ። ኢኖማታ የቶባን እጅ አየች፤ ከዚያ ወለሉን ማየት መረጠች።

«ማሳ?» አለ ጌንጎ ከወዲያ፣ ማሳካዙን እንደ ልጅነታቸው አሳጥሮ። ድምፁ በማጉያው ሲመጣ የልጅ ይመስላል። «አለህ?»

ቶባ አልመለሰም። ጥያቄው አፉ ውስጥ ነበር፤ ወለሉ ስንት ቀን ነደደ። ምራቁን ሲውጥ አብሮት የወረደ መሰለው፤ አልወረደም።

«ማሳ፣ ምነው ዝም አልክ? የሆነ ነገር አየህ እንዴ?»

ዘጠና አንድ። ዘጠና አራት።

ይህ ሰው ፈርቷል። ልብ ሲፈራ ምን እንደሚመስል ቶባ በቁጥር ያውቀዋል፤ ይህኛው ግን ቁጥር ብቻ አልነበረም፣ ጌንጎ ነበር። የጠዋቱ ፎቶ በሌላኛው ሆስፒታል ተነስቶ ኮምፒውተሩ ውስጥ ተዘግቶ ተቀምጧል፤ ምርመራው የሚጎድለው ነገር የለም። ቶባ ይህን ለራሱ ሁለት ጊዜ ነገረው። እውነት ነበር። እውነት መሆኑ ግን ብዙ አላገዘም።

ማስጀመሪያውን ተጫነ። ከብዙ ዓመት በፊት ቶኪዮ ውስጥ የተቀረጸች የማትታወቅ ሴት፣ ለማንም እንደምትለው ለጌንጎም አለችው፤ «ትንፋሽዎን ይሳቡ። ያቁሙ።» ጌንጎ ሳበ፤ አቆመ። አልጋው ተንቀሳቀሰ። ስምንት ሰከንድ። «ይተንፍሱ።»

ፎቶው ስክሪኑ ላይ ወጣ። የልብ ግድግዳ በቸልታ እንደተደረደረ ሳህን አምስት ቦታ ተዛንፏል። የደም ሥሩ ይጀምራል፣ ይጠፋል፣ ወደ ጎን ብቅ ብሎ እንደገና ይጠፋል። ሐኪም ያልሆነ ሰውም መጥፎ መሆኑን ያውቃል። ኡሳሚ ሐኪም አልነበረም።

«ይደገም» አለ።

ዶክተር ኢኖማታ ገጽ ዘጠኝን ጠቀሰችለት፤ ለአንድ ታካሚ አንድ ጊዜ ብቻ። የጻፈው ራሱ ኡሳሚ ነበር። ወደ ቶባ ዞሮ ዛሬ ከሌላው ቀን የተለየ ነገር እንደነበረ በጥንቃቄ ጠየቀው።

«ሰነዱ ያዘዘውን በሙሉ አድርጌያለሁ» አለ ቶባ። «ሰነዱ ያላዘዘውን አልጨመርኩም።»

ዳይሬክተሩ ፎቶውን ብዙ አየው። ከዚያ ቶባን ሳይሆን ኡሳሚን፣ አቶ ቶባ ጡረታ የሚወጣው መቼ እንደሆነ ጠየቀ። ኡሳሚ ቀኑን ነገረው፤ ይህ ከምን ጋር እንደሚገናኝ ግን አልገባውም። ዳይሬክተሩ የሃያዎቹም መዝገብ፣ ከነምት ቁጥራቸው ደቂቃ በደቂቃ፣ ወደ ቢሮው እንዲመጣለት አዘዘ። ለቶባ ሰገደለት፤ ከወትሮው ጥቂት ዝቅ ያለ ይመስላል፣ ወይም ቶባ እንዲያ መሰለው። ወጣ። ኡሳሚ ሰንጠረዡን ይዞ ተከተለው።

ኢኖማታ የጠዋቱን ፎቶ ከፈተች። የዚያው ልብ፣ በዚያው ቀን፣ እየሮጠ የተነሳ። ሥሮቹ ከጥግ እስከ ጥግ እንደ ቅርንጫፍ ጠርተው ይታያሉ። በግራው የፊት ሥር ላይ፣ መሐሉ አካባቢ፣ አንድ ቦታ በክር የታሰረ ያህል ጠቧል። ሁለቱን ጎን ለጎን አደረገቻቸው። በአሮጌው ፎቶ ላይ ያ ቦታ የወደቀው ልክ ሦስተኛውና አራተኛው ቁራጭ በተዛነፉበት ስፌት ላይ ነበር። እዚያ ምንም አይታይም።

«ቢያናግሩት ኖሮ ይታይ ነበር» አለች ቀስ ብላ።

«ይታይ ነበር።»

«የሚቀጥለው ክረምት ላይ፣ እርስዎ ከሌሉ በኋላ ግን…» ጀመረች፤ አልጨረሰችውም።

ለጌንጎ ራሷ ነገረችው፤ ወንበር ስባ፣ ቁመቷን ከሱ ቁመት አስተካክላ። የጠበበ ቦታ መኖሩን፣ በጊዜ መገኘቱን፣ ማክሰኞ ጠቅላይ ግዛቱ ሆስፒታል ሄዶ በእጁ አንጓ ቀጭን ቱቦ ገብቶ እንደሚከፈትለት። ጌንጎ እስክትጨርስ ሰማት። ከዚያ የውኃ ቧንቧ በየስንት ዓመቱ ዝገት እንደሚይዝ፣ ሳይፈነዳ የሚጸዳው ቧንቧ ዕድለኛ መሆኑን አስረዳት። እስከ ማክሰኞ እንጨት የሚማግድ ሰው እንዲፈልግ አጥብቃ አዘዘችው፤ እሺ አለ። ወንድሙን አላነሳም።

ልብስ መለወጫው ክፍል ውስጥ ቶባና ጌንጎ ብቻቸውን ቀሩ። ጌንጎ ሸሚዙን ቁልፍ በቁልፍ፣ ከታች ወደ ላይ፣ ሲዘጋ ቶባ ካፖርቱን ይዞለት ቆሟል።

«ኩሜን ግማሽ ሰዓት አናገርካት» አለ ጌንጎ፣ ቀና ሳይል። «ያን በሚዛን የሚያጭበረብር ዓሣ ነጋዴ ሳይቀር አናገርከው፤ ራሱ ነግሮኛል። እኔን ግን እዚያ ጉድጓድ ውስጥ አጋድመህ ዝም አልክ። አንድ ነገር አይቶ ነው፣ እንዴት ብሎ እንደሚነግረኝ ጠፍቶት ነው ብዬ፣ ስንቱን አሰብኩ መሰለህ። ስጠራህ ሰምተኸኛል?»

«ሰምቼሃለሁ።»

«ሁለቴም?»

«ሁለቴም።»

ጌንጎ የመጨረሻውን ቁልፍ ዘጋ። በረዶው ቆሞ ነበር፤ ከውጭ የአውቶቡሱ ሞተር ይሰማል።

«ታዲያ ለምን?»

ቶባ ካፖርቱን ዘረጋለት። ጌንጎ አንዱን እጁን አስገባ፤ ሁለተኛውን ሳያስገባ ቆመና ፊቱን አዙሮ አየው።

«አልነግርህም» አለ ቶባ።

«ማሳ።»

«አልነግርህም አልኩህ። እጅህን አስገባ።»